ሬንጅ ውስጥ የተቀቀለ ጎማ

የተሳፈርኩበት ታክሲ ጎማው ተነፈሰና ሹፌሩ እየተነጫነጨ ቅርብ ወዳለ ጎሚስታ ወሰደን። ጎሚስታው ፈትቶ ሲያየው፣ "ይሄማ ሞቷል፤ ካሁን በኋላ ለበረባሶ ነው የሚሆነው" አለ። ከጀርባው የተከመሩትን አሮጌ ጎማዎች እያየሁ፣ "እነዚህን ሁሉ ማን ይወስዳቸዋል ጋሼ?" ስል ጠየቅኩት። "በረባሶ ሠሪዎቹ ይገዙኛል። አንዳንዱን ለአበባ መትከያ ይወስዱታል። ዝም ብሎ የሚጣል የለም" አለኝ። አፌ አላርፍ ብሎ፣ "ፈረንጆቹ እኮ ፈጭተው ከአስፋልት ጋር ያነጥፉታል" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ "ጎማ በጎማ ላይ ሊሄድ?" ብሎ ሳቀ።

እኔም ስቄ አለፍኩ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ዲግሪዬ ሲቪል ምህንድስና ነው፣ እንጀራዬ ደግሞ ኮድ መጻፍ። ስለ ጎማ አስፋልት የማውቀው ዩኒቨርሲቲ እያለን በአንድ ስላይድ ያለፍነውን ብቻ ነበር፦ ጎማ ይጨመራል፣ መንገዱ ይጠነክራል፣ አካባቢ ይጠበቃል፣ ቀጣይ ስላይድ። ያን ዕለት ማታ ስላይዱ የዘለለውን ላነብ ተቀመጥኩ፤ ሳምንታት ወሰደብኝ። ያገኘሁት ነገር ከወጥ አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ምን ምን እንደሚገባበት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ምድጃው ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ማወቅ ሌላ። የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ሕግ አወጣበት። እሱ ላይ እንደርሳለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን፣ ጎማው ለምን ይፈጫል? ለምን ዝም ብሎ አይቀልጥም?

መልሱ 1839 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከዛፍ የሚገኘው ጎማ በሙቀት የሚለጠፍ፣ በብርድ የሚሰነጠቅ አስቸጋሪ ነገር ነበር። ቻርልስ ጉድዪር የተባለው አሜሪካዊ ጎማውን ከድኝ ጋር ሲያሞቀው ጸባዩ ጭራሽ እንደሚለወጥ ደረሰበት። ድኙ ረጃጅሞቹን የጎማ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸዋል፤ ስትጎትቱት ይለጠጣል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ቮልካናይዜሽን የሚባለው ይሄ ነው። ያለሱ ዛሬ የምናውቀው የመኪና ጎማ የለም። ችግሩ እስሩ በቀላሉ የማይፈታ መሆኑ ነው። እንጀራ ተመልሶ ሊጥ እንደማይሆን ሁሉ፣ ጎማም አንዴ ከበሰለ በኋላ አይቀልጥም፤ ብታሞቁት ይቃጠላል እንጂ። ስለዚህ መንገድ ላይ ልታውሉት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ መቆራረጥ፣ ውስጡ ያለውን የብረት ሽቦ በማግኔት መልቀም፣ ክሩን በአየርና በወንፊት መለየት፣ ከዚያ ከ2 ሚሊሜትር በታች እስኪሆን ድረስ መፍጨት አለባችሁ። የሚወጣው እንደ ጥቁር አዝሙድ ያለ ነገር ነው።

መፍጨቱ ራሱ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በተራ ሙቀት በወፍጮ ቦጫጭቆ ማድቀቅ ነው። ሌላኛው ጎማውን በፈሳሽ ናይትሮጅን እንደ ብርጭቆ እስኪሰባበር ድረስ አቀዝቅዞ በመዶሻ መምታት። ሁለተኛው ጽድት ያለ ይመስላል፣ ፊቱም ለስላሳ ይወጣል። የሚገርመው ለመንገድ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የመጀመሪያው፣ ያ የተቦጫጨቀው፣ እንደ ስፖንጅ የሻከረው መሆኑ ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

ሬንጅ ደግሞ የድፍድፍ ነዳጅ አተላ ነው። ቤንዚኑ፣ ናፍጣው፣ ሌላውም ተነጥሎ ከወጣ በኋላ ከታች የሚቀረው። አስፋልት የምንለው መንገድ በአብዛኛው ጠጠር ነው፤ ሬንጁ በክብደት ከ5 እስከ 6 በመቶ ቢሆን ነው፣ ሥራው ጠጠሩን ማያያዝ ብቻ። ይህ አተላ ሲሞቅ ይለሰልስና ከባድ መኪና በሄደበት መስመር ቦይ ይሠራል። ሲበርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፀሐይና አየር ሲያገኙት ደግሞ ዘይቱ እየጠፋ ያረጃል፣ እንደ አዞ ቆዳ ይሰነጣጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ቀሪውን ክረምት በወጣ ቁጥር የምናየው ነው።

አሁን ወደ አሪዞና እንሂድ። ፊኒክስ በረሃ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ ዜና አይደለም። በ1960ዎቹ በከተማው አስተዳደር ውስጥ የግንባታ ዕቃዎች መሐንዲስ ሆኖ ይሠራ የነበረ ቻርልስ ማክዶናልድ የሚባል ሰው አለ። ቀድሞ ለፌዴራሉ የመንገድ መሥሪያ ቤት በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ ይሠራ ነበር። ሙያተኞቹ እንደሚያወሩት፣ ይጓዝበት የነበረው ተጎታች ቤት ጣሪያው ይሰነጠቅበታል። በሬንጅ ይደፍነዋል፤ ሬንጁ ደርቆ እንደገና ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ነው የተፈጨ ጎማ ቢጨምርበትስ ብሎ ያሰበው። እውነት በዚህ መልክ ተከሰተ ወይስ ታሪኩ እየተነገረ አማረበት፣ ለእኔ ብዙም ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር ሰውዬው የፈለገው መጠገኛ መሆኑ ነው። አካባቢን ስለመጠበቅ አላሰበም፣ የጎማ ክምር ስለማጥፋትም አላሰበም። የሚሰነጠቅ ነገር ነበረው፤ የማይሰነጠቅ ፈለገ።

ጎማና ሬንጅን ለመቀላቀል የሞከረ የመጀመሪያው ሰው ደግሞ እሱ አይደለም። የተፈጥሮ ጎማን ከሬንጅ ጋር የመቀላቀል ሙከራ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ነበር። የማክዶናልድ ግኝት ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ቀላቅሎ ወዲያው አላፈሰሰውም። ትኩስ ሬንጅ ውስጥ ጎማውን ጨምሮ እያማሰለ ሲጠብቅ፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ውህዱ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ሆነ። ወፍራም፣ የሚለጠጥ፣ ስትለቁት የሚመለስ።

ምን ተፈጠረ? ጎማው አልቀለጠም፤ እንደማይቀልጥ አይተናል። ሽምብራ ውሃ ውስጥ ስታሳድሩት ምን ይሆናል? ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። የጎማ ፍርፋሪም ከሬንጁ ውስጥ ቀላል ቀላሉን ዘይት ይጠጣና ከመጀመሪያ መጠኑ በላይ ያብጣል። ላዩ እንደ ጄል ይሆናል፤ ዘይቱን የተነጠቀው ሬንጅ ደግሞ ይወፍራል። የሻከረው ፍርፋሪ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ዘይት የሚገባበት ፊት ብዙ አለው። ሙቀቱ ከ175 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ጎማው ደግሞ ከማጣበቂያው ክብደት 20 በመቶ ገደማ። ከ15 በመቶ በታች ከሆነ በአሜሪካ መስፈርት "የጎማ አስፋልት" የሚለውን ስም አያገኝም። መስፈርቱ ላይ ቁጥሩ ብቻ የለም፤ ጎማው እስኪያብጥ ድረስ በሬንጁ ውስጥ መቆየት አለበት የሚልም አለበት። አንድ መስፈርት "እስኪያብጥ" የሚል ቃል መያዙ ደስ ይለኛል። የእናቴ የወጥ አሠራርም እንደዚያው ነው፤ ሰዓት አትነግራችሁም፣ "ዘይቱ እስኪወጣ" ትላችኋለች።

በጣም ብዙ ከቆየም ይበላሻል። ረጅም ሰዓት ከነሙቀቱ ከተቀመጠ ጎማው ራሱ እየተበጣጠሰ ሬንጁ ውስጥ ይሟሟል፤ ውፍረቱ ይወርዳል። ማማሰሉ ከቆመ ፍርፋሪው ይዘቅጣል። ስለዚህ ውህዱ የሚዘጋጅበት ቦታ ማማሰያ ያለው ታንከር ያስፈልጋል፣ ከአጠገቡም መለኪያ የያዘ ሰው። ያ ሰው በየጊዜው እየቀዳ ውፍረቱን ይለካል፤ ቁጥሩ ካልደረሰ ጭነቱ ይጠብቃል። መንገዱ ለ15 ዓመት መቆም አለመቆሙ የሚወሰነው እዚያ ጋ ነው። በኮድ ቋንቋ ስናገር (ይቅርታ፣ ልማድ ነው) ቴስቱ ሳያልፍ ፕሮዳክሽን አይወጣም።

ማክዶናልድ መጀመሪያ የሠራው ትንንሽ መጠገኛ ነበር፤ የአዞ ቆዳ የመሰለው ቦታ ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ። ቀጥሎ መንገዱን በሙሉ በትኩሱ ውህድ ቀብቶ ጠጠር መበተን መጣ። ከዚያም ይህንኑ ስስ ሽፋን በአሮጌውና በአዲሱ አስፋልት መሀል ማስገባት። ለምን መሀል? የመንገድ ሰዎችን የሚያበሳጭ አንድ ነገር አለ፦ የተሰነጠቀ መንገድ ላይ አዲስ አስፋልት ብታለብሱ፣ የሥሩ ስንጥቅ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በላዩ በኩል ብቅ ይላል፣ ያውም በዚያው ቅርጽ። ለጣጩ ሽፋን መሀል ሲገባ የሥሩን እንቅስቃሴ ይውጠዋል። የፈጠራ መብቱን በ1975 አገኘ። በነገራችን ላይ የፈጠራ መብቱ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዚህ መንገድ መሥራት የሚፈልግ ተቋራጭ ፈቃድ መግዛት ነበረበት፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ከፍ ይል ነበር።

በዚያው ዘመን ስዊድን ውስጥ ሌላ ሐሳብ ተሞከረ። እነሱ ጎማውን ሬንጅ ውስጥ አልቀቀሉትም፤ ተለቅ ተለቅ አድርገው ቆርጠው ከጠጠሩ ጥቂት በመቶውን በእሱ ተኩ። ሐሳቡ፣ መንገዱ ላይ በረዶ ሲሠራ ጎማው ከመኪናው ክብደት ሥር እየተለጠጠ ይሰብረዋል የሚል ነበር። "ደረቁ ዘዴ" ይባላል፤ የማክዶናልዱ "እርጥቡ"። ደረቁ በ1970ዎቹ መጨረሻ አላስካ ድረስ ተወስዶ ተሞክሯል። አንዳንዱ ያዘ፣ አንዳንዱ ጠጠሩን እየተፋ ፈረሰ። ሲጽፉት ሁለቱም "ጎማ ያለበት አስፋልት" ናቸው። መንገዱ ላይ ግን አይዛመዱም፤ ይሄ የስም መመሳሰል በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

የእርጥቡ ትልቁ ፈተና የመጣው ከበረሃው ውጭ ነው። ፍላግስታፍ በዚያው በአሪዞና ያለች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምቷ በረዶ ነው፣ በመሀሏ የሚያልፈው ኢንተርስቴት 40 ደግሞ ከባድ መኪና የማይጠፋበት አውራ ጎዳና። በ1990 ኮንክሪቱ ክፉኛ ተሰነጣጥቆ ነበር። አፍርሶ መሥራት ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ በተራ አስፋልት ማልበስ ከተባለም በጣም ወፍራም መሆን አለበት። መሥሪያ ቤቱ በስስ የጎማ አስፋልት አለበሰው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መሐንዲሶቹ ሄደው ሲያዩ ስንጥቅ ከሞላ ጎደል አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ዝርዝር አለ፣ ቀላል ይመስላል ግን ብዙዎችን የጣለው እሱ ነው። ያበጠው ፍርፋሪ ቦታ ይፈልጋል። ትልቁም ትንሹም ጠጠር ጥቅጥቅ ብሎ በተሞላበት ተራ አስፋልት ውስጥ ከጨመራችሁት ጠጠሮቹን እየገፋ ያፈናቅላቸዋል። ስለዚህ መካከለኛው ጠጠር ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ በተገኘው ክፍተትም ማጣበቂያው ይበዛል፤ ከላይ በሚነጠፈው ስስ ሽፋን ላይ እስከ 9 በመቶ ይደርሳል። መንገዱ ቶሎ የማያረጀው አንዱም በዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ጠጠር የለበሰው ማጣበቂያ ወፍራም ነው። ተራ ሬንጅ በዚህ መጠን ብትጨምሩ ቀልጦ ይፈስ ነበር። ጎማው ያወፈረው ግን ባለበት ይቆያል።

እንግዲህ ወደ ሕጉ። በ1990 አካባቢ አሜሪካኖች በዓመት ወደ 240 ሚሊዮን ጎማ ይጥሉ ነበር፤ በነፍስ ወከፍ አንድ ማለት ነው። በየሜዳው የተከመረው ደግሞ ከ2 እስከ 3 ቢሊዮን ይገመት ነበር። የጎማ ክምር እሳት ከያዘው አይጠፋም። በ1983 ቨርጂኒያ ውስጥ ዊንቸስተር አጠገብ የተነሳው ዘጠኝ ወር ነድዷል። በ1990 መጀመሪያ ካናዳ ሄገርስቪል 14 ሚሊዮን ገደማ ጎማ 17 ቀን ሲቃጠል ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ፖለቲከኛ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በአንድ በኩል የጎማ ተራራ፣ በሌላ በኩል ጎማ የሚበላ መንገድ።

በ1991 መጨረሻ የወጣው የትራንስፖርት ሕግ ክፍለ ግዛቶች በፌዴራል ገንዘብ ከሚያነጥፉት አስፋልት በ1994 ከ5 በመቶው፣ ከዚያ በየዓመቱ 5 እየጨመረ በ1997 ከ20 በመቶው ውስጥ የተፈጨ ጎማ እንዲኖር አዘዘ። እምቢ ያለ ገንዘቡ ይቀነስበታል።

በወረቀት ላይ ብልህ ነው። እኔም በወረቀት ሞክሬዋለሁ፦ አንድ የመኪና መስመር፣ 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት፣ ወደ 320 ቶን አስፋልት። ከዚያ ውስጥ 9 በመቶ ማጣበቂያ፣ ከማጣበቂያው አንድ አምስተኛ ጎማ፤ ከ5 ቶን በላይ ይመጣል። ከአንድ የቤት መኪና ጎማ አምስት ኪሎ ተኩል ፍርፋሪ ቢወጣ በግምት 1,000 ጎማ አንድ መስመር ላይ ተነጠፈ። በአገሪቱ መንገድ አባዙትና ተራራው ይጠፋል።

ሕጉ ግን ታንከሩን፣ ማማሰያውን፣ መለኪያ የያዘውን ሰው አላባዛም። ከአሪዞና፣ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ውጭ ልምዱ ያለው እምብዛም አልነበረም። ክፍለ ግዛቶቹ የገንዘብ ቅጣት ፈርተው ተጣደፉ፤ አንዱ እርጥቡን፣ አንዱ ደረቁን፣ አንዱ በለመደው ጥቅጥቅ አስፋልት ውስጥ ጎማ እየበተነ ሞከረ። ዋጋው ከተራው አንድ ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት እጥፍ ወጣ። የፈረሰውም ያልፈረሰውም በአንድ ስም ተጠራ፤ "የጎማ አስፋልት ሞክረን ነበር፣ አልሠራም"። ምክር ቤቱ ራሱ ትእዛዙን መጀመሪያ አዘገየው፣ በ1995 በሌላ ሕግ ሰረዘው። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ለዓመታት የነካው የለም። ስለ ሶፍትዌር የማውቀው ሰው ይሄን ስነግረው፣ "ማኔጅመንት በግድ ያስገባው ቱል" አለኝ። ልክ ነው።

አሪዞና ግን ቀጠለች፤ ማንም አስገድዷት ስላልጀመረች ማንም ስለተወው አልተወችም። በ2003 የፊኒክስ ነዋሪዎች የሀይዌዮቹን የኮንክሪት ጩኸት አልቻልነውም ሲሉ፣ ወደ 185 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሀይዌይ በ2.5 ሴንቲሜትር የጎማ አስፋልት ማልበስ ተጀመረ። በክፍተቶቹ ውስጥ አየሩ ስለሚገባ ጎማው መንገዱን ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ይቀንሳል። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ለሙከራው 4 ዴሲቤል ቅናሽ እንዲቆጠርላቸው ፈቀደ። ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን 3 ዴሲቤል መቀነስ ማለት የመኪናውን ብዛት በግማሽ እንደመቀነስ ነው። እዚህ ላይ ነው ለጎሚስታው መልሱ ያለው። ጎማ በጎማ ላይ ይሄዳል፣ ያውም ዝም ብሎ።

ሁሉንም እንዳላሳምር። ጸጥታው መንገዱ ሲያረጅ አብሮ ይቀንሳል፤ የላይኛው ሽፋን ከአሥር ዓመት ምናምን በኋላ መላጥ ይጀምራል፣ መታደስም አለበት። በቅርብ ዓመታት የአሪዞና መሥሪያ ቤት ከአንዳንዶቹ ሀይዌዮች ላይ ሽፋኑን ገፎ፣ ሥር ያለውን ኮንክሪት በአልማዝ ምላጭ እየላገ ጸጥ ማሰኘት መርጧል። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ተመራማሪዎች ከጎማ ብናኝ የሚወጣ 6ፒፒዲ-ክዊኖን የሚባል ኬሚካል በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩትን ኮሆ ሳልሞን የተባሉ ዓሦች እንደሚገድል አሳዩ። ብናኙ በዋናነት ከሚሽከረከረው ጎማ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ውስጥ ስለታሰረውስ የሚለው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እየተጠናም ነው። ስላይዱ ላይ "አካባቢ ይጠበቃል" የሚለውን አሁን ብጽፈው ጥያቄ ምልክት እጨምርበት ነበር።

ከሳምንታት በኋላ በዚያ ጎሚስታ በር ሳልፍ ቆምኩና ነገርኩት፤ ስለ ተጎታች ቤቱ ጣሪያ፣ ስለ መቀቀሉ፣ ስለ ጸጥታው። የያዘውን ጎማ እየገረፈ ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦

"በኪሎ ስንት ይገዛሉ?"

እዚያ አገር አሮጌ ጎማ የሚያመጣው ሰው ነው የሚከፍለው አልኩት፤ እንዲያስወግዱለት።

"ከፍሎ?" አለ። ከዚያ ወደ ክምሩ ዞሮ፣ ከላይ ያሉትን ሁለቱን አወረደና ለብቻ አስቀመጣቸው። በረባሶ ሠሪው ከሰዓት ይመጣል።